የዕቅድ ውይይት፦ «አየር ንብረት አለው?» ለተሰኘው አስቂኝ ትርዒት የጋራ ፕሮፖዛል

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። መነሻችን የታወቀ ነው፦ 5 ተዋናዮች፣ 10 ትርዒቶች፣ ከእያንዳንዱ ትርዒት ጋር ደግሞ ተመልካቹ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚነጋገርበት ጊዜ። ረቂቁ 9 ገጽ ደርሷል፤ የሚፈቀድልን 6 ነው። ስለዚህ እዚህ የምንጽፈው ወይ የሚያሳጥር ወይ የሚያርም ይሁን። «በርቱ» የሚለውን በአካል ስንገናኝ እንባባላለን። ጸሐፊዋ ከድርሰቱ ትጀምርልን።

ጸሐፊ ተውኔት፦
እሺ። 4 ጭውውቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ፤ መጨረሻ ላይ 8 ደቂቃ የሚወስድ አንድ የፎረም ትዕይንት፣ ማለትም በኋላ ተመልካቹ ራሱ ገብቶ የሚሞክርበት። መሸጋገሪያውን ጨምሮ 50 ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያው ከቃሉ ከራሱ ይነሳል። አንድ ንብረት ገማች ሜትርና ማኅተም ይዞ ይመጣና «አየር ንብረት አለው ተብሏል፤ መዝግቤ ልሂድ» ይላል። አዋሳኙን ይጠይቃል፣ ባለቤቱን ይጠይቃል። «ለውጥ» ሲሉት ደግሞ «በማን ፈቃድ ነው የተለወጠው?» ብሎ ይቆጣል። ሰሙ ምዝገባው ነው፤ ወርቁ አየሩ የማን ነው፣ ማንስ ጭሱን በነጻ ይጥልበታል የሚለው ነው። ሰው ቃሉን በዜና ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፣ ቆም ብሎ ግን አላየውም፤ ስለዚህ ገና በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይያዛል።

ሁለተኛው «ያልተቆረጠው ዛፍ» ነው። ሰውየው ሊቆርጠው አስቦት የማያውቀውን ዛፍ «ባለመቁረጤ ይከፈለኝ» ብሎ ለፋብሪካ ባለቤት ይሸጣል፤ ፋብሪካው ማጨሱን ይቀጥላል። ጎረቤቱ ቀንቶ ያልገዛውን መኪና ለመሸጥ ይነሳል። ሦስተኛው ፀሐይ፣ እሳተ ገሞራና ላም ተከሰው የሚቀርቡበት የሰበብ ችሎት ነው። አራተኛው «ትናንት በርዶኝ ነበር፣ የምን ሙቀት ነው የምታወሩት?» የሚል ሰው ነው። የፎረሙ ትዕይንት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተደፍኖባት ከቢሮ ቢሮ የምትንከራተት ነዋሪ ናት።

የሳይንስ አማካሪ፦
አንብቤዋለሁ ልጄ፤ በችሎቱ ብዙ ሳቅሁ። ቢሆንም የሚስተካከል አለ።

ዳኛው «ኦዞኑን የቀደደው ማነው?» ይላል። ይህን እንዳለ ከተውነው ብዙ ሰው ቀድሞውንም የያዘውን ስሕተት እናጸናለን። ምድርን የሚያሞቀው እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ያሉት ጋዞች ሙቀት መያዛቸው ነው። የኦዞን መሳሳት ሌላ ጣጣ ነው፤ ለእሱ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈርሞለታል። መስመሩን ግን አታጥፊው። የችሎቱ ጸሐፊ ጣልቃ ገብቶ «ክቡር ዳኛ፣ እሱ ሌላ መዝገብ ነው» ይበል።

ፀሐይ ስትከላከል «እኔ አይደለሁም» ብቻ አትበል፤ ጥሩ መከራከሪያ አላት። ሙቀቱ ከእሷ ቢመጣ ኖሮ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍልም ይሞቅ ነበር። የሚታየው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ መቀዝቀዙ ነው። «እኔ ከላይ ነው የምመጣው፤ ታዲያ ከላይ ያለው ለምን በረደው?» ካለች ሙሉ ማስረጃው በአንድ መስመር አለቀ። እሳተ ገሞራውም የሚተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ በዓመት ከሚለቀው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እሱ በነጻ ይሰናበት።

ላሟ ግን በነጻ ከተለቀቀች ውሸት ነው። ከሆዷ የሚወጣው ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ በ100 ዓመት ሲሰላ ደግሞ ወደ 28 እጥፍ ይወርዳል። ዋስ ጠርታ ትውጣ። ደግሞም ሚቴን ከላም ብቻ አይመጣም፤ ከጋዝና ከነዳጅ ጉድጓድ፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከቆሻሻ ክምርና ከሩዝ ማሳም ይወጣል። ብቻዬን ለምን ተከሰስሁ የማለት መብት አላት።

ስለ ዛፉ አንድ ማሳሰቢያ። የካርቦን ሽያጭ ሁሉ ማጭበርበር ነው ካልን ልክ አይሆንም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ክፍያው ባይኖር ዛፉ ይቆረጥ ነበር ወይ? የፋብሪካው ሰው ይህን መጠየቅ ይጀምርና ሻጩ በሻይ አፉን ይያዘው።

ጸሐፊ ተውኔት፦
ጋሼ፣ ስለ ላሟ ሁለቱንም ቁጥር ላስገባ? 80ም 28ም?

የሳይንስ አማካሪ፦
አንዱን ብቻ፣ ከነዘመኑ። «በ20 ዓመት» የሚለው ከተቆረጠ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። ሌላኛውን እኔ ለአወያዮቹ በሚዘጋጀው ወረቀት ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ተመልካች ከጠየቀ መልሱ ከእጃቸው ይኑር። «12 ዓመት ብቻ ቀረን» የሚለውንም ከአራተኛው ጭውውት አውጪልኝ። የአየር ንብረት ለውጥን ሳይንስ የሚገመግመው የመንግሥታት ፓነል፣ አይፒሲሲ፣ በ2018 ባወጣው ሪፖርት የተጻፈው ሌላ ነው፦ የሙቀቱን ጭማሪ 1.5 ዲግሪ ላይ ለመግታት በዓለም የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ2030 ከ2010 መጠኑ 45 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት። የዓለም ፍጻሜ ቀጠሮ አልተያዘም። ቀጠሮ ከሰጠን ቀኑ ሲያልፍ የምንሳቀው እኛ ነን።

«ትናንት በርዶኝ ነበር» ለሚለው ሰው መልሱ 30 ዓመት ነው። የአየር ንብረት የሚባለው በተለምዶ የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ የትናንቱ ብርድ የአየር ጠባይ ነው። ሚስቱ «አንድ ቀን ቀድመህ ስለተነሳህ ትጉ ነኝ አትበል፤ የ30 ዓመት ትዳራችንን ልቁጠርልህ» ብትለው በቂ ነው።

አዘጋጅ፦
ይህቺ መስመር ትግባ። የምሰጋው እውነታው የት ቦታ እንደሚቀመጥ ነው። አሁን ባለው ድርሰት በ3 ቦታ ቁጥሩ ያረፈው ሳቁ በሚፈነዳባት ቃል ላይ ነው። ያ ቁጥር ጠፋ ማለት ነው። ሰው ሲስቅ አይሰማም፤ ተዋናዩም በሳቁ ላይ ከተናገረ ቀጣዩን መስመር ጭምር ያጠፋዋል። እውነታው በመንደርደሪያው ውስጥ ይሁን፣ ሳቁ በእሱ ላይ ቆሞ ይምጣ። ቀልዱ እንዲገባው ሲል ተመልካቹ ራሱ መንደርደሪያውን ይይዘዋል። የዚህ ሌላው ፊት አደገኛ ነው፦ መንደርደሪያው ስሕተት ከሆነ ስሕተቱም እንዲሁ ይያዛል፤ ጋሼ ኦዞኑን መንቀሳቸው ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለአንድ ጭውውት ከአንድ ቁጥር በላይ አልቀበልም።

ተዋናዮች ሳቁ ጫፍ ደርሶ ወደ ሲሶው ሲወርድ ነው የሚቀጥሉት። ጨርሶ እስኪጠፋ ከጠበቁ ትርዒቱ ይቀዘቅዛል።

ፕሮፖዛሉ ላይ የማየው ሌላው ነገር፣ ሙከራ ለሚባለው አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ነው። ከልምምዱ በፊት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ10 እስከ 15 ሰው ፊት ንባብ ይደረግ፤ አድማጮቹ የቲያትር ሰዎች አይሁኑ፣ እነሱ ለጓደኛ ሲሉ ይስቃሉ። የመድረክ መሪዋ ድርሰቱ ዳር ላይ ታስምር፦ «ሳ» ለሳቀ፣ «ዝ» ለዝምታ፣ «ግ» ለግር ያለው። ሁለት ጊዜ «ዝ» ያገኘ መስመር ይቆረጣል። «ግ» ያገኘ ግን አይቆረጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ቀልዱ ሳይሆን መንደርደሪያው ነው።

ተዋናይት፦
በማን ላይ እንደምንስቅ በግልጽ ይጻፍልን። የፎረሟ ሴትዮ ቤት ውሃ ገብቶበታል። በንባብ ጊዜ ትልቁ ሳቅ የመጣው ፍራሿን ተሸክማ ስትወድቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቤቱ በእውነት ጎርፍ የገባበት ሰው ከተመልካቹ መሃል ቢኖርስ?

አዘጋጅ፦
ልክ ነሽ፣ መውደቁ ይወጣል። ፕሮፖዛሉ ላይ እንዲህ ይግባ፦ ሳቁ የሚያርፈው በሰበብ፣ በቢሮክራሲና በአስመሳይ አረንጓዴነት ላይ ነው፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቀልድ ይናገራል እንጂ መቀለጃ አይሆንም። ሴትዮዋ በትዕይንቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ ምላሷ የሰላ ትሁን። ኃላፊው ነው መሳቂያው፣ «ይህ የኛ ክፍል አይደለም» እያለ ቀስ በቀስ ራሱን ከገዛ ወንበሩ የሚያስወጣው።

የሳይንስ አማካሪ፦
በዚሁ ትዕይንት አንድ ጥንቃቄ። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ከባድ ዝናብ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ቤቷ የገባው ውሃ ቦዩ ስለተደፈነም ነው። ኃላፊው «የአየር ንብረት ለውጥ ነው፣ ምን ላድርግልሽ?» ብሎ ከቦዩ እንዳያመልጥ። ሰበብ ሆኖ ሲያገለግል ማሳየታችን እንዲያውም የጭውውቱን ልብ ይነካል።

ሰብሳቢ፦
ስለ ፎረሙ አሠራር የተጻፈው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ማሳጠር የሚችል አለ?

አወያይ፦
እኔ ላሳጥረው። ፎረም ቲያትርን የጀመረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው፤ ከዚህ በላይ ታሪክ አያስፈልግም። አካሄዱ ይህ ነው። ትዕይንቱ አንድ ጊዜ በሽንፈት ያልቃል። ከዚያ ከመጀመሪያው በትንሹ ፈጠን ብሎ ይደገማል፤ ከተመልካቹ ማንም «ቁም!» ብሎ ገብቶ የተበዳይዋን ቦታ ይወስድና የተሻለ ያለውን ይሞክራል። ተዋናዮቹ ሳይለቁለት ይገጥሙታል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሙከራ ይበቃል።

የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ተመልካቹ የኃላፊውን ቦታ መውሰድ ይፈልጋል፤ ደግ ኃላፊ ሆኖ ቦዩን በአንድ ፊርማ ያስጠርጋል። ይህ አይፈቀድም፣ ምክንያቱም እውነተኛው ኃላፊ አይለወጥም፤ መሞከር ያለበት እሷ ምን ማድረግ እንደምትችል ነው። ሁለተኛው ተአምር ነው፦ «ሎተሪ ደረሰኝና ቤት ቀየርሁ»። እዚህ ላይ አወያዩ ራሱ አይፍረድ፤ ወደ ተመልካቹ ዞሮ «ይሆናል?» ይበል። ሕዝቡ ራሱ ይመልሰዋል፣ ብዙውን ጊዜ ከእኛ በተሻለ ቀልድ።

ቀጥሎ 15 ደቂቃ በቡድን፣ ከ6 እስከ 8 ሰው። በየቡድኑ አንድ ተዋናይ ይቀመጣል፣ ልብሱን ቀይሮ። የገጸ ባሕርዩን ኮት እንደለበሰ ከተቀመጠ ሰው ሁሉ ቀልድ ሲጠብቅ ያመሻል። «ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይከልከል፤ ፈተና ይመስላል፣ የሚመለስልንም የምንወደው መልስ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ላይ ሳቃችሁ?»፣ ሁለተኛው «እዚያ ላይ ያልሳቀ አለ? ለምን?»፣ ሦስተኛው «እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ በምን መልክ ይታያል?»። ሁለተኛው ላይ ነው ውይይቱ የሚነሳው። ሦስተኛው ላይ የሰው ስም መጠራት ከተጀመረ አወያዩ ነገሩን ወደ አሠራሩ ይመልሰው። የመጨረሻው 5 ደቂቃ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሐሳብ መሰብሰቢያ ነው። ጠቅላላ 90 ደቂቃ።

ልምምዱ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት ከሆነ 72 ሰዓት ነው። ከዚህ ቢያንስ 18ቱን ለውይይቱ ስጡኝ። ተዋናዮች እየተፈራረቁ አስቸጋሪ ተመልካች ይሁኑ፦ ንግግሩን የማይለቅ፣ ሁሉንም ወደ ፖለቲካ የሚወስድ፣ «ውሸት ነው» የሚል፣ ምንም የማይናገር። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል።

የመድረክ መሪ፦
የጊዜውን ነገር እኔ እንዳየሁት፣ ተመልካች የሚያመልጠን በጭብጨባው ነው። ትዕይንቱ አልቆ ተዋናዮች እጅ ነስተው ከቆሙ ሰው ጫማውን ይፈልጋል፤ «እባካችሁ ቆዩ» ቢባል ግማሹ አይቆይም። ስለዚህ እጅ መንሳቱ ከውይይቱ በኋላ ይሁን። የፎረሙ ትዕይንት ሲያበቃ መብራት አይጥፋ፤ የተመልካቹ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ከፍ ይበል፣ ተዋናዮች ባሉበት ይድረቁ፣ አወያይዋ በመካከላቸው ትግባ። እረፍትም የለም።

ለ5 ሰው 16 ገጸ ባሕርይ ነው፣ ለአንዱ 3 ወይም 4። ከሥር ሁሉም ጥቁር ይለብሳሉ፤ መለያው ኮፍያ፣ ኮትና መነጽር ብቻ። ለልብስ ቅየራ 20 ሰከንድ ቆጥሬያለሁ፤ አዝራር ያለው ነገር ሁሉ በቬልክሮ ይተካ።

የመብራትና የድምፅ ባለሙያ፦
ረቂቁ 12 ባለ 1000 ዋት ሃሎጅን ይላል። ለ2 ሰዓት 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ180 ዋት ኤልኢዲ ብንተካው 4.3 ገደማ ይሆናል። ለጉዞው ግን እሱም አያስፈልግም፤ ለ150 ሰው 4 ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ይበቃል፣ ለድምፅ 150 ዋት ልጨምር፦ 550 ዋት፣ በ2 ሰዓት 1.1 ኪሎዋት ሰዓት። ይህን ከባትሪ እናገኘዋለን። የባትሪውን ኃይል ለመሣሪያዎቹ የሚቀይረውን የኢንቨርተሩን ብክነትና ባትሪው እስከ መጨረሻ አለመሟጠጡን ስናስብ ቢያንስ 1.5 ያስፈልጋል፤ 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪና ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ይጻፍ። ጄኔሬተር ይውጣ። ዋናው ምክንያቴ ነዳጁ አይደለም፤ እያንኳኳ ሲያጨስ ከኋላው ስለ ጭስ መቀለድ አይቻልም። «እናንተስ በምን መጣችሁ?» የሚል ሰው በየቦታው አለ፤ ለእሱ መልስ ይዘጋጅ።

የራሳቸው መብራት ባላቸው አዳራሾች ውስጥ ኤልኢዲውን ብርሃን ከሚያደምቀውና ከሚያደበዝዘው ዲመር ጋር አታገናኙት፤ በቀጥታ ከሶኬት ነው። ዲመር ላይ ከተሰካ ይርገበገባል፣ ፓወር ሰፕላዩንም ያቃጥላል። ርካሹ ኤልኢዲ ፊትን አመድ ያስመስላል፤ በኮሜዲ ደግሞ ፊት ካልታየ ምን ቀረ? ከመግዛታችን በፊት የተዋናዮቹ ፊት ላይ ይሞከር።

ሜዳ ላይ ከሆነ ተመልካቹ ግማሽ ክብ ሆኖ ይቀመጥ፣ የኋለኛው ከ12 ሜትር አይራቅ። 4 በ2.5 ሜትር የሆነው መጋረጃ ሸራ ነው፣ ነፋስ ያነሳዋል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይታሰር። ባዶውን ይዘን እንሄዳለን፣ እዚያው እንሞላለን።

ሒሳብ ያዥ፦
ጄኔሬተሩና ትልቁ መብራት ከወጣ በጀቱ እንዲህ ይለወጣል። በፊት ድርሰትና ልምምድ 30 በመቶ፣ የተዋናይ ክፍያ 28፣ ጉዞ 14፣ መድረክ መብራትና ድምፅ 18፣ ውይይት 4፣ መጠባበቂያ 6 ነበር። አሁን መድረኩ ወደ 8 ይወርዳል፣ ውይይቱ 12፣ መጠባበቂያው 8 ይሆናል። ጉዞው 14 ላይ የሚቆየው 10ሩን ቦታ በ3 ምድብ ካደረግነውና ከአንዱ ወደ ሌላው ሳንመላለስ ከዞርን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን። ገንዘብ ሰጪ ቁጥር ይወዳል። «1500 ሰዎች አመለካከታቸውንና ባሕርያቸውን ይለውጣሉ» ብለን ብንጽፍስ? 10 ትርዒት በ150 ሰው ነው።

አወያይ፦
አይሆንም ወንድሜ። 1500 ሰው ያያል ማለት እንችላለን፤ ይለወጣል ግን ከየት አመጣነው? በአንድ ምሽት ሳቅ ሰው ባሕርይ አይለውጥም። እንዲያውም «ቀልድ ነው» ተብሎ ጉዳዩ ሊቀልል ይችላል፤ ውይይቱን የጨመርነው ለዚህ ነው። በር ላይ መጠይቅ ብናድልም ሰው እኛን ለማስደሰት ይሞላል። ቃል የገባነው ንግግር ስለሆነ ንግግር እንለካ፦ በየትርዒቱ ስንት ሰው ተናገረ፣ ከእነሱ ሴቶችና ወጣቶች ስንት ናቸው፣ በፎረሙ ስንት ሙከራ ተደረገ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ደግሞ ፈቃደኛ ለሆኑ ከ20 እስከ 30 ሰዎች እንደውል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ከማን ጋር አወሩ?» «ከማንም» የሚለውም ይጻፋል። የ12ቱ በመቶ ሥራ ይህ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
እሺ፣ ግን ለሰጪው ቀጭን እንዳይመስል።

የሳይንስ አማካሪ፦
ቀጭንና እውነት ይሻላል። ተመሳሳይ ሥራ መኖሩን ለማሳየት ሁለት ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ ክላይሜት ቼንጅ ቲያትር አክሽን ከ2015 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን፣ አጫጭር ተውኔቶችን በየአገሩ ያስነብባል፣ ያሳያል፤ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ደግሞ «ኢንሳይድ ዘ ግሪንሃውስ» የተባለው ፕሮጀክት ተማሪዎችን በአየር ንብረት ላይ ኮሜዲ ያሠራል። የቀረው የልምድ ገጽ ይሰረዝ።

ሰብሳቢ፦
ተሰረዘ። የዓላማው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ትርዒቱ ተመልካቹ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያነሳቸውን ሰበቦችና ጥያቄዎች በሳቅ አውጥቶ፣ በዚያው ምሽት በአደባባይ እንዲነጋገርባቸው ያደርጋል።» ተቃውሞ ካለ እስከ ነገ ማታ። ተመልካችን በካሜራ መቅረጽ በፈቃድ ብቻ ይሁን፣ ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ በፍጹም፤ የድርሰቱም ባለቤትነት ከልምምዱ በፊት ይፈረም። እነዚህ ክርክር የላቸውም። የቁሳቁስ ኃላፊው ዝም ብሏል።

የቁሳቁስ ኃላፊ፦
ሁሉም በ2 ሳጥን ይገባል። አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የገማቹ ማኅተም በውይይቱም ይዙር። ማኅተሙን የያዘ ብቻ ይናገራል፣ 2 ደቂቃ ሲሞላው ጠረጴዛው ላይ መትቶ ያስረክባል። ንግግር የማይለቀውን ሰው «ማኅተሙን» ማለት «በቃህ» ከማለት ይቀላል።

አወያይ፦
ወድጄዋለሁ። ቡድኖቹ ግን ብዙ ናቸው፣ አንድ አይበቃም።

የቁሳቁስ ኃላፊ፦
ለ150 ሰው በ8 በ8 ከሆነ 19 ቡድን ነው። ደግሞ እናንተ በየቡድኑ ተዋናይ ይቀመጣል ብላችኋል፤ ተዋናዩ 5 ነው።

አወያይ፦
ኧረ ልክ ነህ፣ ይህን ማናችንም አላሰላነውም። እንግዲያው በየቦታው 14 ሰዎች ከአካባቢው ቀድመን እንያዝ፤ በትርዒቱ ቀን ከሰዓት በኋላ የ2 ሰዓት ርዝመት ያለው ሥልጠና፣ ሦስቱን ጥያቄዎችና የጋሼን ወረቀት ይዘው። ክፍያቸው ከ12ቱ በመቶ ይወጣል።

የቁሳቁስ ኃላፊ፦
ስለዚህ 19 ማኅተም፣ 3 መለዋወጫ፣ ሰው ኪሱ ከቶት ይሄዳልና። ከወዳደቀ እንጨት እቀርጻቸዋለሁ፤ የመድረኩ ግን ከበድ ያለ ይሁን፣ ሲመታ እስከ ኋለኛው ረድፍ እንዲሰማ።